ንስሮቹ የሄዱ ጊዜ

ተረት ተረት፣ የንስሮች ሰገነት።

በአንድ ገደላማ አገር የንስሮች አለቃ ዝንጀሮ ነበር። ንስሮቹ እንስሳቱን አዝለው ገደሉን ያሻግራሉ፤ እሱ ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ ያዛል።

አንድ ቀን አንጋፋዋ ንስር፣ «ጌታዬ፣ ክንፌ ዝሏል፤ ጥቂት ልረፍ» ብትለው፣ «ደከመኝ ለሚል ሰማዩ ሰፊ ነው፤ ንስር እንደሆነ ሞልቷል!» ብሎ ሳቀባት።

አንገቷን ደፍታ ሄደች። ይህን የሰሙት ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏት። ዝንጀሮ ግን «የት አባታቸው ይገባሉ? ይመለሳሉ» እያለ ተኝቶ ከረመ።

በበጋ ጫካው በእሳት ተያያዘ። ዝንጀሮ ልጁን አቅፎ ገደሉ አፋፍ ላይ ቢጣራ አንድም ንስር አልመጣም። የወረደው ጥንብ አንሳ ብቻ ነበር።

«ወንድሜ፣ እባክህ ልጄን አሻግርልኝ!» አለው።

ጥንብ አንሳውም በትሕትና፣ «እኔ እንኳ በሕይወት ያለ ተሸክሜ አላውቅም» ብሎ፣ ፈንጠር ብሎ ተቀምጦ ይጠብቅ ጀመር።