የአህያው መቆሚያ

አንበሳ በነገሠበት ኮረብታ ላይ ሕግ ነበር። ሕግ የለም ብሎ የሚያማ ካለ አገሩን አያውቅም። ከኮረብታው አናት ላይ በበቀሉት ሦስት ወርካዎች ሥር ለእያንዳንዱ እንስሳ መቆሚያ ተለክቶ፣ በአራቱ ማዕዘን ድንጋይ ተተክሎለት ተሰጥቶታል። ንጉሡ የሚተኛ እንጂ የሚቆም ስላልሆነ የስድስት እንስሳ ቦታ ይዟል፤ ይህም በሕግ ነው። በኮረብታው ላይ ማንም ማንንም እንዳይበላ ታውጇል። ከገደሉ ማዶ ስላለው ነገር ግን አዋጁ ዝም ይላል፤ ንጉሡም የሚመገበው እዚያ ነው።

ቦራ የምትባለው በቅሎ መቆሚያዋ ከመካከለኛው ወርካ ሥር ነበር። በቀኟ ፈረስ፣ በግራዋ አንድ ሽማግሌ አህያ ይቆማሉ። አህያው አባቷ ነው። ይህን የማያውቅ እንስሳ አልነበረም፤ እሷ ግን አባትሽ ማን ነው ስትባል የምትመልሰው ያንኑ የታወቀውን ነው፤ «ፈረስ አጎቴ ነው።» አህያው አልተቀየማትም። ጠዋት ጠዋት በጭራው ዝንቡን ከፊቷ ያባርርላትና፣ ማንም እንዳያይበት ወደ ሌላ ዞሮ ይቆማል።

አንድ ቀን አህያው ውሃ ጠጥቶ ሲመለስ ቦታው ላይ አጥንት ተቀምጦ አገኘ። የጅብ ነው። በአፍንጫው ገፍቶ ወደ ዳር አደረገው። በማግስቱ አጥንቱ ሁለት ሆነ። በሦስተኛው ቀን ጅቡ ራሱ ተጋድሞበት ጠበቀው።

«አያ ጅቦ፣ ቦታ ተሳስተው እንዳይሆን» አለ አህያው።

«አልተሳሳትኩም። ዕቃዬ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እዚሁ ነው። ዕቃ ያለበት ቦታ ደግሞ ባለቤት አለው።»

ከወርካው ጥላ የተገፋ እንስሳ የሚቀረው መቆሚያ የገደሉ አፋፍ ብቻ ነው። እዚያ የቆመ ሽማግሌ ሳምንት አይሞላውም። ስለዚህ አህያው ከዚያ በፊት አህያ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ጅብን ከሰሰ።

ቦራ ይህን ስትሰማ አፈረች፣ ፈራችም። «ከጅብ ጋር ሙግት ምን ያደርጋል? ይተዉት» አለችው በለሆሳስ።

«ትቼ የት ልቁም?» አላት።

ዳኛው ሽማግሌ ዝንጀሮ ነበር፤ የሁሉንም ቃል እኩል አዳምጦ ለአንዱ ብቻ የሚፈርድ። አህያው ቆሞ «ጌታዬ፣ አሥራ አንድ ክረምት እዚያ ቆሜአለሁ። ኮቴዬ መሬቱን አጎድጉዶታል፤ ያስለኩት» አለ። ተለካ፤ ልክ ሆነ።

ጅቡ ተራው ሲደርስ ዓይኑን አረጠበ። «ኮቴ ያለው ሁሉ መሬት ያጎደጉዳል። እኔ መዳፌ ለስላሳ ስለሆነ ልበደል?» አለ። ጉባኤው ሳቀ። አንዳንዱ እንዲያውም አዘነለት።

«ነገሩ ከባድ ነው» አለ ዝንጀሮው። «ንጉሡ ከእንቅልፋቸው እስኪነቁ ለሰባት ቀን ተቀጥሯል። እስከዚያ፣ እንደ አባቶቻችን ወግ፣ ሁለቱም ዋስ ካልጠሩ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ገመድ ይቆራኛሉ። ዋስ የሚሆነውም የሥጋ ዘመድ ብቻ ነው። የሚያድሩት ቤት ባለው ዘንድ ነው።»

ቤት ያለው ጅቡ ነበር፤ ዋሻው ከገደሉ ማዶ ነው።

«እኔ ሠላሳ ወንድሞች አሉኝ» አለ ጅቡ። «ግን መቆራኘቱን አልጠላሁትም።»

ዳኛው ወደ አህያው ዞረ። «አንተስ፣ የሥጋ ዘመድ አለህ?»

አህያው መሬት መሬት አየ። ጉባኤው በሙሉ ግን ቦራን ነበር የሚያየው። የአህያ ልጅ መሆኗን ዛሬ በገዛ አፏ ካመነች ነገ ከመካከለኛው ወርካ ሥር ማን ያቆማታል? አባቷን ግን ትወደው ነበር። የዚያን ቀን እንደወደደችው ወዳውም አታውቅም።

«አንቺ በቅሎ፣ ምንሽ ነው?» አላት ዳኛው።

«ጎረቤቴ ነው» አለች። «የኔ ወገን በፈረስ በኩል ነው።»

«እውነቷን ነው» አለ አህያው፣ ቃሏ ሳያልቅ። «እኔ ልጅ የለኝም።»

በገመድ አቆራኟቸው። ጅቡ ከፊት፣ አህያው ከኋላ ሆነው በቀትር ቁልቁለቱን ወረዱ። ፈረስ የዘንድሮ ሣር መልካም መሆኑን አነሣ፤ ሌሎቹም ስለ ሣሩ ተነጋገሩ።

በሰባተኛው ቀን ጅቡ ገመዱን በአፉ ይዞ ብቻውን መጣ። ትንሽ ወፍሯል። «ከሳሼ ቀረ» አለ።

«የት ቀረ?» አለ ዝንጀሮው።

«እኔ የሱ ጠባቂ ነኝ እንዴ፣ ጌታዬ? ገመዱ ላልቶ ነበር።»

ዝንጀሮው ጢሙን አሻሸ። «ከሳሽ ሲጠፋ ልጁ በክሱም በገመዱም ይተካል። የአህያው ልጅ አለ?»

ቦራ አፏን ከፈተች፤ ገመዱን አየችና መልሳ ገጠመችው። ዳኛው ከሳሽ ክሱን ትቶ ስለሄደ ቦታው ለጅብ ይጽና ብሎ ፈረደ። ጉባኤው ፍርዱ ፈጣን ነው ብሎ አመሰገነ። ቦራም ከሌሎቹ ጋር ራሷን ነቀነቀች፤ ራሷንም ተጸየፈች።

ከሰዓት በኋላ ጅቡ በግራዋ ተዘረጋ። «ጎረቤቴ፣ ደህና ዋልሽ?» አላት።

«ደህና፣ አያ ጅቦ።»

«መንገዱን ሁሉ ስላንቺ ጠይቄው ነበር። አላውቃትም አለኝ። እስከ መጨረሻው አላውቃትም እንዳለ ነው።» ጥርሱን በምላሱ ፈተሸ። «ያንቺ ወገን በፈረስ በኩል ነው አይደል? ጋሼ ፈረስ፣ የእህትዎ ልጅ ናት?»

ፈረስ የጎረሰውን ሣር እስኪጨርስ አኘከ።

«በቅሎ ናት» አለ። «በቅሎ ደግሞ የአህያ ወገን ናት።»

ጅቡ ቀስ ብሎ ተነሣ። ከቦራ መቆሚያ የሚለየውን የማዕዘን ድንጋይ በእግሩ ገፋና አንድ ስንዝር ወደሷ አስጠጋው።

«ቅር ካለሽ ክሰሺኝ» አላት።