ሦስት ኪቦርዶችና የመክሊት ቀሚስ

ልናገር፣ ስሙኝ፤ ከተሳሳትኩ አርሙኝ።

ምንተስኖት የሚባል ወጣት አንድ ነገር ፈለገ፤ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ ዜማ የሚቀዳበት ትንሽ ኪቦርድ። እህቱ መክሊት እሁድ ልትዳር ነው። ወደ አዳራሹ ስትገባ የሚሰማውን ዜማ እኔ እሠራዋለሁ ብሎ ቃል ገብቶላታል። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

ወደ ሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ሄደ። ባለሱቁ ጋሽ ከሊፋ ሦስት ኪቦርድ ደረደሩለት፤ ባለ ሃያ አምስት ቁልፍ፣ ባለ አርባ ዘጠኝ፣ ባለ ስልሳ አንድ። አንዱን አነሳ፣ አስቀመጠ። ሌላውን አነሳ፣ አስቀመጠ። ጋሽ ከሊፋ የሸጡትን ዕቃ አይመልሱም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጠረጴዛህን ለክተህ ና አሉት። ኪቦርዱ ጠረጴዛውን ይጠብቃል።

ወደ ቤት ሄደ። ጠረጴዛው ላይ የአክስቱ የወርቅያንሹ ስፌት መኪና ተቀምጧል፤ ነጭ ጨርቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸፍኖታል። አክስቱ የመክሊት የሰርግ ቀሚስ ሳያልቅ ማንም እጁን እንዳያሳርፍ ብለው አስጠነቀቁት። ኪቦርዱ ጠረጴዛውን ይጠብቃል፣ ጠረጴዛው ቀሚሱን ይጠብቃል።

ቀሚሱ መቼ ያልቃል ብሎ ጠየቀ። አክስቱ መርፌውን ከአፋቸው አውጥተው፣ መክሊት ለብሳ ካልቆመችልኝ ጫፉን በግምት አላጥፍም አሉ። ኪቦርዱ ጠረጴዛውን ይጠብቃል፣ ጠረጴዛው ቀሚሱን ይጠብቃል፣ ቀሚሱ መክሊትን ይጠብቃል።

ወደ መክሊት ሄደ። እሷ ግን አልቆምም አለች።

«ዜማው ፈጣን ከሆነ እስክስታ እወርዳለሁ፤ ቀሚሱ ማጠር አለበት። ዝግ ያለ ከሆነ መሬት ይንካ። ዜማውን ሳልሰማ ለየትኛው ልቁም? አንተ ደግሞ ካልሲ ለመምረጥ ሳምንት የሚፈጅብህ ልጅ ነህ።»

ምንተስኖት ወረቀት አውጥቶ አንዱን ከሌላው በቀስት እያያያዘ ጻፈ። ኪቦርዱ ጠረጴዛውን ይጠብቃል፣ ጠረጴዛው ቀሚሱን ይጠብቃል፣ ቀሚሱ መክሊትን ይጠብቃል፣ መክሊት ዜማውን ትጠብቃለች፣ ዜማው ኪቦርዱን ይጠብቃል። የመጨረሻው ቀስት ተጠምዝዞ የመጀመሪያው ላይ አረፈ። የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ ብሎ እንደገና ጻፈው። ያው ነው። ሐሙስ ደረሰ።

ወረቀቱን ይዞ ጋሽ ከሊፋ ዘንድ ተመለሰ። እሳቸውም አንብበው መሃል ላይ ጠፋባቸው፤ ቀሚሱ ማንን ነበር የሚጠብቀው ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁ። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፈው ጠየቁት።

«ዜማው አሁን የት ነው ያለው?»

«ጭንቅላቴ ውስጥ ነው ጋሼ።»

«ታዲያ አፍህን ማን ዘጋው?»

ምንተስኖት ያልተስተካከለ ዜማ ሰው ፊት አውጥቶ አያውቅም። ቢሆንም ሄዶ፣ ግድግዳውን እያየ፣ ለእህቱ አንጎራጎረላት። መክሊት እስከ መጨረሻው ሰማች። መሬት ይንካ አለች።

ዜማውን ስለሰማች ቀሚሱን ለብሳ ቆመች፤ ስለቆመች አክስቷ ጫፉን አጠፉ፤ ጫፉ ስለታጠፈ ቀሚሱ አለቀ፤ ቀሚሱ ስላለቀ ጠረጴዛው ተለቀቀ፤ ጠረጴዛው ስለተለቀቀ ተለካ። አንድ ሜትር ከአርባ። ከሦስቱ ኪቦርዶች የትኛውም ይገባበታል።

ምንተስኖት ያን ጊዜ ከበፊቱ ይበልጥ ግራ ገባው።

ዓርብ ጠዋት ይህንኑ ለጋሽ ከሊፋ ነገራቸው። እሳቸውም ለኔም አንጎራጉርልኝ አሉትና በትንሹ ኪቦርድ ላይ በአንድ ጣት ተከተሉት። ዜማው የባቲ ቅኝት ነው፤ በአምስት ድምፅ የሚመላለስ። አምስቱ ድምፆች በወፍራምና በቀጭን ተደጋግመው ከታች እስከ ላይ ዘጠኝ ቁልፍ ብቻ ተነካ። ግራና ቀኝ ያልተነካ ተረፈ።

«የሚለካው ዜማህ ነበር፤ እኔ ነኝ በስህተት ጠረጴዛ ለካ ያልኩህ» አሉት።

ባለ ሃያ አምስቱን ገዝቶ በብብቱ ይዞ ወጣ። ባለ አርባ ዘጠኙ ይሻል ነበር ይሆን እያለ እስከ ቤቱ ድረስ አሰበ፤ ግን አልተመለሰም። እሁድ መክሊት በቀዳላት ዜማ ወደ አዳራሹ ገባች፤ ቀሚሷ መሬቱን ነካ እያደረገ ተከተላት።

የኔ እዚህ አበቃ፤ ያላችሁ ቀጥሉ።