«በሞቴ» የተባለበት ጉርሻ

አንዲት ሴት ሰሌዳ ትጠርጋለች። ወንበር ላይ ቆማ፣ በእርጥብ ጨርቅ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ ብላ። ሰሌዳው የምግብ ቤቷ ሜኑ ነው። ሲደርቅላት ጠመኔ አንሥታ የምግቦቹን ስም እንደገና ጻፈች። ከየስማቸው ጎንም አንድ አንድ ቁጥር አስቀመጠች።

ዋጋ አይደለም፤ ዋጋው በሌላ በኩል ተጽፏል። ይህ ቁጥር ካሎሪ ነው፤ ምግቡ ወደ ሰውነታችን ይዞት የሚገባው የጉልበት መጠን። ከሠራንበት ብርታት ይሆነናል። ካልሠራንበት ይከማቻል፣ ይከብደናል።

ሴትዮዋ ስንዱ ትባላለች። ምግብ ቤቷ ደሴ፣ ከመናኸሪያው በታች ነው። ባሏ የሞተባት በስኳር በሽታ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሥነ ምግብ የተመረቀችውን የእህቷን ልጅ ጠርታ የምታበስለውን ሁሉ አስመዘነች፣ ቁጥሩንም አሠራች። «ሰው የሚበላውን ይወቅ» አለች።

ደንበኞቿ ሳቁባት። ከሁሉም የባሰው ጎረቤቷ፣ የሚስማርና የቆርቆሮ ነጋዴው ሞላልኝ ነበር። ከክትፎ ጎን ስምንት መቶ ሃምሳ የሚል ሲያይ፣ «ስንዱ፣ ይኼ ስልክ ቁጥር ነው እንዴ? ልደውልለት ለክትፎው?» አላት።

«ይደውሉለት ጋሼ። ካነሣ ሰላም ይበሉልኝ።»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ያልሳቀው አንድ ሰው ነው፤ የሞላልኝ የልጅነት ጓደኛ፣ ሰዓት ጠጋኙ ዘርጋው።

በማግስቱ ጠዋት ዘርጋው ብቻውን መጣ። ሰሌዳው ፊት ቆመና፣ «ስንዱዬ፣ ትንሹ ቁጥር የቱ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«ፊትዎ ነው እኮ፣ ጋሽ ዘርጋው።»

«መነጽሬን ረስቼ ነው።»

መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነበር።

ስንዱ ወደ መነጽሩ ተመለከተች። ያን ጊዜ ነገራት። ስኳር በሽታ ይዞታል፤ ዓይኑንም መጉዳት ጀምሯል። አበላሉን ካላስተካከለ የቀረው ብርሃንም እንደሚሄድ ሐኪሙ ነግሮታል። ሰዓት ጠጋኝ ያለ ዓይን ምን ይሆናል? «ለሞላልኝ እንዳትነግሪብኝ» አላት። «ሲያዝንልኝ ማየት አልችልም።» ስንዱም ቃል ገባችለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘርጋው የሚያዘው ክክ አልጫ ሆነ፤ በግማሽ እንጀራ። ከሰሌዳው ትንሹ ቁጥር እሱ ነበር። ጠንቃቃ ሰው ነው፤ አንድም ቀን አላሳለፈም።

ነገር ግን ሞላልኝ አጠገቡ ይቀመጣል። ሞላልኝም ክትፎ ይወዳል። ጓደኛውን ደግሞ ከክትፎ አብልጦ ይወዳል።

«አልጫ? አልጫ እኮ የበሽተኛ ምግብ ነው፣ አንተ ሰውዬ!» ይለዋል። ከዚያ ከክትፎው ጠቅልሎ፣ ቅቤው በጣቶቹ መሀል እየወረደ፣ እጁን ይዘረጋል። «በሞቴ!»

ወገኖቼ፣ ይህን ቃል ታውቁታላችሁ። በሞቴ ተብሎ እጅ ሲዘረጋ ማን አፉን ይዘጋል? በወዳጁ ሞት ተለምኖ እምቢ የሚል ማን ነው? ዘርጋው ጎረሰ። አንድ ጉርሻ መቼ ብቻውን ቀርቶ ያውቃል? ሁለተኛው መጣ፤ ሦስተኛውም መጣ። ዘርጋው በልቡ «ያዘዝኩት አልጫ ነው» ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ ያዘዘው አልጫ ነው። ሰሌዳው ላይ የክትፎ ቁጥር አለ፤ የአልጫም አለ። የጉርሻ ቁጥር ግን የለም።

ወራት እንዲህ አለፉ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ስንዱ ከወጥ ቤት ስትወጣ ዘርጋውን አየችው። የትሪውን ጠርዝ በጣቱ እየዳሰሰ ይፈልጋል። ባሏም በመጨረሻ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ሞላልኝ ደግሞ እጁን ዘርግቷል። «በሞቴ!»

ስንዱ አጠገባቸው ቆመች። «ጋሽ ዘርጋው፣ የክትፎው ቁጥር ስንት ነው?» አለች።

ሞላልኝ ሳቀ። «እስኪ ንገራት! እስካሁን ደውለህለት ይሆናል።»

ዘርጋው ወደ ሰሌዳው ዞረ። መነጽሩን ነካ አደረገ። ረስቼው ነው ሊል አፉን ከፈተ፤ አላለም።

«አይታየኝም» አለ። «ሞላልኝ፣ አይታየኝም። ስኳር ነው።»

የሞላልኝ እጅ ከነጉርሻው አየር ላይ ቀረ።

«ታዲያ ለምን ትጎርስልኛለህ?»

«በሞቴ ስትለኝ እንዴት እምቢ ልበልህ?»

ሞላልኝ ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሰ። ቅቤ የወረደበትን እጁን አየ። «በሞቴ ስል ኖሬ» አለ፣ «ለካ በሞትህ ነው።»

ወገኖቼ፣ ሞላልኝ ክፉ ሰው ነበር? አልነበረም። ይህ ነው የሚያስፈራኝ። በጥላቻ የሚመጣብንን ክፉ ነገር እናውቀዋለን፤ በር እንዘጋበታለን። በፍቅር እጅ የሚመጣውንስ?

እናንተ የምታጎርሱ፣ የምታጎርሱትን ሰው ፊት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልጃችሁን በሞቴ እያላችሁ ያስገባችሁት ትምህርት አለ። እህታችሁን በሞቴ እያላችሁ፣ ጥላው ከወጣች በኋላ የመለሳችኋት ትዳር አለ። ወዳችሁ ነው፤ አልጠራጠርም። ግን ጠይቃችኋል? ጌታችን እንኳ ዓይነ ስውሩ ፊቱ በቆመ ጊዜ፣ ምን እንዲያደርግለት እንደሚሻ አስቀድሞ ጠየቀው። እኛ ግን ሳንጠይቅ እጃችንን እንዘረጋለን።

እናንተም የምትጎርሱ፣ ይሉኝታችሁ ስንት ይመዝናል? ራሳችሁ ያዘዛችሁትን በጥንቃቄ ትቆጥራላችሁ። ሰው እንዳይከፋው ብላችሁ የዋጣችሁትን ማን ይቆጥርላችኋል? ሰውነት የቱን አዘዝኩ፣ የቱን ጎረስኩ ብሎ አይለይም፤ ነፍስም አትለይም። «አይታየኝም» ማለት ከባድ ነው። ሆኖም ዘርጋው ያን ቃል እስኪናገር ድረስ፣ የሚወደው ሰው ሊረዳው የሚችልበት መንገድ አልነበረም። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ፣ ይህን ቃል ሳትነግሩት የቆያችሁት ሰው ማን እንደሆነ አስቡ።

ያን ቀን ሞላልኝ እጁን ታጥቦ ተመለሰ። ከዘርጋው አልጫ ትንሽ ቆርሶ ጠቀለለ፤ ወደ ስንዱ ቀና ብሎም፣ «ይኼስ ይቻላል?» አላት።

«ይቻላል፣ ጋሼ። ከራሳቸው ድርሻ ነው።»

አጎረሰው። በሞቴ አላለም።

ስንዱ ወንበሩን ወደ ግድግዳው ጎተተች። የአልጫውን ቁጥር በጨርቁ አጠፋችና እንደገና ጻፈችው፤ መዳፍ በሚያህሉ አኃዞች፣ ጠመኔውን እየደጋገመች፣ አወፍራ።

«ጋሽ ዘርጋው፣ ከዚያ ሆነው ይታይዎታል?»

ዘርጋው ዓይኑን አጥብቦ ብዙ አየ።

«ሦስት መቶ ሃያ» አለ።

ስንዱ ጠመኔውን ሰሌዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና ከወንበሩ ወረደች።