ጥሬ የማይቀምሰው አውራ ዶሮ

ተረት ተረት!

«የመሰረት!»

ኧረ ጮክ በሉ፣ ዶሮዎቹም ይስሙ! ተረት ተረት!

«የመሰረት!»

በድሮ ጊዜ ትርንጎ የምትባል ባልቴት ነበረች። ሀብቷ ዶሮዎቿ ብቻ ናቸው። እንቁላላቸውን ሸጣ ጨው ትገዛለች፣ በርበሬ ትገዛለች፤ ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀይ አውራ ዶሮ ቆሞ አየች። ያን ጊዜ ሰው ሲታመም ዶሮ በራሱ ላይ አዙረው መንገድ ላይ ይጥሉ ነበር። ያነሳው ሰው በሽታውን ይወስዳል ይባላል። ስለዚህ ማንም አይነካውም። ትርንጎ ግን ግራ ቀኝ አየች፤ ሰው የለም። «ይሄን የመሰለ ዶሮ ጅብ ይብላው?» አለችና በነጠላዋ ሸፍና ይዛው ገባች።

ቤት ሲገባ ግን ነገሩ አላማራትም። ጥሬ ስትበትንለት ዞር ብሎ አያይ። ውሃ አይጠጣ። በአንድ ዓይኑ ሰው ሰው ብቻ ያያል። «አንተ፣ ምን በልተህ ነው የምታድረው?» ትለዋለች።

በማግስቱ ጎረቤቷ እትዬ ስንዱ እሳት ልትጭር መጣች። ዶሮው ክንፉን ጥሎ መጣባት፤ እግሯን ጠቅ! «ወይኔ እናቴ!» ብላ ሮጠች። ዶሮው ወዲያው ውሻ አከለ።

አባ ነጎድ የሚባል ጉረኛ አዳኝ መጣ። «ለዶሮ ነው ይሄ ሁሉ ጫጫታ? ትርንጎ፣ ሽንኩርት ክተፊ!» ብሎ ጦሩን ነቀነቀ። ጠቅ! አባ ነጎድ ጦሩን ጥሎ እየበረረ ዋርካ ላይ ወጣ። ዶሮው ጥጃ አከለ።

በሦስተኛው ቀን መንደርተኛው ሁሉ ከጭቃ ሹሙ ጋር መጣ።

«ምንድን ነው የምትቀልቢው?» አለ ጭቃ ሹሙ።

«ማርያምን፣ አንዲት ፍሬ አልቀመሰም!»

«ሳይበላ የሚያድግ አለ? ከየት አመጣሽው?»

«ከ... ከመንገድ።»

«አላልኳችሁም!» አለች እትዬ ስንዱ። «ገና ነጠላዋ ሲንቀሳቀስ ሳይ ጠርጥሬያለሁ!»

ዶሮው «ኩኩሉ!» ሲል ሁሉም እግሬ አውጪኝ አሉ። ዶሮው በሬ አከለ። ጭቃ ሹሙ ከሩቅ ሆኖ ጮኸ፦ «ፀሐይ ሳትጠልቅ ከነዶሮሽ ከዚህ አገር ውጪ!»

ትርንጎ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ቤቷን ጥላ የት ትሂድ? ከቆጡ ላይ አሮጊቷ ዶሮዋ ጠራቻት።

«ትርንጎ!»

«አቤት!»

«እሱ መቼ መቼ ነው ያደገው?»

ትርንጎ አሰበች። ስንዱ ሮጠች፣ አደገ። አባ ነጎድ ሮጠ፣ አደገ። አገሩ ሁሉ ሮጠ፣ አደገ። ብድግ አለች። «አንተ ሌባ! ሩጫ ነዋ የምትበላው!»

ወጥታ ፊቱ ቆመች።

«ሩጪ!» አለ ዶሮው በሰው አፍ።

«አልሮጥም።»

«አትፈሪኝም?»

«እንዴት አልፈራህም! እግሬ ግን ከዚህ አይነሳም።»

ክንፉን ጥሎ ዞራት። አልሮጠችም። ጥጃ አከለ። አፈር ጫረባት። አልሮጠችም። ውሻ አከለ። ዘሎ ደረቷ ላይ ወጣ። አልሮጠችም፣ አልመታችውምም። ዶሮ አከለ! ክንፉን እጥፍ አድርጋ ብብቷ ሥር ሸጎጠችው። እንደያዘችው ግቢዋን ጠረገች።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መንደርተኛው ዱላ ይዞ መጣ።

«ትልቁን የት ደበቅሽው?» አለ ጭቃ ሹሙ።

«ይሄው ነው።»

«አታታልይን!»

ዶሮው አንገቱን አውጥቶ ጠቅ ሊያደርግ ሲል ሁሉም ሊሮጡ ዞሩ።

«ቁሙ!» አለች ትርንጎ። «ብትሮጡ የምትቀልቡት እናንተው ናችሁ!»

ቆሙ። ጭቃ ሹሙ ዓይኑን ጨፈነ። እትዬ ስንዱ ነጠላዋን ነከሰች። ዶሮው ጠበቀ፣ ጠበቀ። የሚሮጥ የለም። ሆዱ ጮኸ። ከብብቷ ወረደና እንደማንም ዶሮ ጥሬ መልቀም ጀመረ።

ጭቃ ሹሙ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «በይ... ግቢ ቤትሽ፤ የትም አትሄጂም» አለ።

ከዚያ ወዲያ ተናካሽ አውራ ዶሮ ያለው ሁሉ ትርንጎ ዘንድ ይመጣል። «እስቲ እንዴት ነው ብብት ሥር የሚያዘው?» ይላታል። እሷም ታሳያለች።

ልጆቼ፣ አውራ ዶሮ ቢመጣባችሁ አትሩጡ፣ አትምቱትም፤ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። በማስፈራራት የሚኖር ሰውም እንዲሁ ነው፤ በሸሸነው ቁጥር ይተልቃል።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ውሃ ያመጣልኝ ልጅ ይመረቅ!