የጓንጉል ትከሻ

ወይራ አፋፍ የመኪና ጎማ ሳያውቅ፣ ሕመምተኛ በሰው ትከሻ ሐኪም ቤት በሚደርስበት በዚያ ዘመን፣ ጓንጉል የሚባል ሰው ነበር። መሬቱ ጠባብ ነበር፤ በሬው አንድ ነበር፤ ትከሻው ግን ሰፊ ነበር። ምጥ የጠናባትን፣ ከዛፍ የወደቀውን፣ ወባ የጣለውን ሁሉ በእድሩ ቃሬዛ ተሸክሞ ገደሉን ይወርድ ነበር። ሌላው ተሸካሚ በየመንገዱ ይቀያየራል። ጓንጉል አይቀየርም። እኔ ሚስቱ ነበርኩ።

አንድ ክረምት ትከሻው በለዘ። ቃሬዛው ነው አልን። ቅቤ አሸሁት። ጓደኞቹ፣ «የሻረግ፣ ጣውንትሽ ነከሰችው» አሉኝ። ጣውንቴ ያሏት ቃሬዛዋን ነው። ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

መስከረም ሲጠባ ፊቱ ነጣ። መፋቂያ ሲነካው ድዱ ይደማል፤ ትኩሳት ይመላለስበታል። ድካም ነው፣ ቃሬዛው ነው አልን። የወባ ኪኒን ሰጡት፤ ዋጠ፤ አልተሻለውም። አንድ ቀን ገላውን ሲታጠብ ጭኑንና ሆዱን አየሁ። እዚያም በልዟል። ቃሬዛ ጭን አይነካም። ይህን ማንም ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር።

«ለሰው እንዳትነግሪ» አለኝ። «እኔ ተሸካሚ እንጂ ሸክም አይደለሁም።»

አልነገርኩም። በዚያ ወር ሁለት ሰው ተሸከመ።

በኅዳር የአፍንጫው ደም አልቆም ሲል፣ እሱም በተራው ቃሬዛ ላይ ተኛ። በከተማው ትልቅ ሐኪም ቤት ደሙን መረመሩ፤ ከዳሌው አጥንት በመርፌ መቅኔ ቀዱ። ከዚያ ሐኪሟ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ደም የሚሠራው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። የእሱ መቅኔ ያልበሰለ ነጭ የደም ሕዋስ ያለ ልክ እየፈለፈለ፣ ቀዩን ደምና ደም የሚያረጋውን ሕዋስ ቦታ ነሥቷል። የሚነጣውም፣ ሳይመታ የሚበልዘውም ለዚህ ነው። የደም ካንሰር ነው አለች።

ከቃሬዛው አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ቃሬዛ ይህን አያመጣም፣ እናቴ» አለችኝ።

መድኃኒቱ በደም ሥር ይገባል፤ ክፉውን ሲገድል ደጉንም ይጎዳል፤ መቅኔው እስኪያገግም የሰው ደም ያስፈልገዋል፤ ቶሎ ሰው አምጪ አለች። ለእድሩ ዳኛ ለአያ አበጋዝ ደብዳቤ ጻፍኩ።

እድሩ ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ ደንቡን አገላበጡ። ደንቡ ስለ መሸከም ይናገራል፤ ስለ መቅበር ይናገራል፤ ስለ ደም አይናገርም። የሰጡት ደም አይተካም የሚልም ነበር። ሦስት ቀን ተከራከሩ። በአራተኛው ቀን ጓንጉል ከተሸከማቸው ሰዎች አሥራ ሁለቱ ተነሡ። ፊት ፊት የምትሄደው በምጧ ቀን የተሸከማት እንዬ ነበረች። በአምስተኛው ቀን ደረሱ።

ጓንጉል በዋዜማው ሞቶ ነበር። ደማቸውን ይዘው መጡ፤ እሱን ይዘው ተመለሱ።

በአርባው አያ አበጋዝ የእድሩን መዝገብ ይዞ ቤቴ መጣ። ቀና ብሎ አላየኝም። ፊደል የቆጠርሽ አንቺ ነሽ፣ ደንቡ ላይ የሚጻፈውን ጻፊ አለኝ። ጻፍኩ።

ዛሬ ወይራ አፋፍ መኪና ይገባል። ቃሬዛው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሆኖም በዓመቱ እድር ሲሰበሰብ ሰው ሁሉ ነጠላውን አውርዶ ትከሻውንና ክንዱን ለጎረቤቱ ያሳያል። ሳይመታ የበለዘ ከተገኘ፣ አብሮት ሄዶ ደሙን የሚያስመረምር ሰው እስኪመደብ ድረስ እንጀራ አይቆረስም። ደም የሚሰጡትም ስማቸው አስቀድሞ ተጽፏል። ልጆች ለምን ሲሉ፣ «የጓንጉል ትከሻ እንዳይሆን» ይሏቸዋል።

እኔም በየዓመቱ እሄዳለሁ። ሴቶቹን ለብቻ እጠራና፣ የባልሽን ጭን አይተሻል ወይ እላቸዋለሁ። ወጣቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ።

እኔም ስቄ ነበር።