የአያ ቆርጥም በርጩማ

ተረት ልነግራችሁ ነው። የፈለገ ጠጋ ይበል፤ ያልፈለገ ጆሮውን ብቻ ትቶልኝ ይሂድ።

ድሮ ድሮ፣ በርጩማ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ አያ ቆርጥም የሚባል ጃርት ታመመና ሞተ። እሾኪት የምትባል ትንሽ ልጅ ነበረችው። እሾኪት አላለቀሰችም። ንፍሮ ሲሰጧትም አልበላችም።

"ልጅ አይደለች? አልገባትም" አሉ ጎረቤቶች።

ገብቷታል! እንባዋ ግን ጉሮሮዋ ላይ እንደ አጥንት ተሰንቅሮ አልወጣ አላት። ይባስ ብሎ የአባቷ መልክ እየጠፋባት ነበር። ዓይኗን ትጨፍናለች፤ አይመጣላትም። ትጨፍናለች፤ አይመጣላትም። በጣም ፈራች። "ለቀስተኞች ስለ አባዬ ሲያወሩ ይታየኝ ይሆናል" ብላ በሩ ሥር ቁጭ አለች።

መጀመሪያ አያ ጅቦ መጣ። እውነቱን ለመናገር የመጣው ንፍሮው ሸትቶት ነው። ደረቱን እየደቃ ሙሾ አወረደ፤

"አንበሳን በጥፊ የሚያንገዳግድ፣
ዝሆን ተሸክሞ ገበያ የሚሄድ!"

እሾኪት ዓይኗን ጨፈነች። የመጣላት ዝሆን ብቻ ነው።

"እማዬ፣ ይሄ የማን አባት ነው?"

"ዝም በይ ልጄ፤ ሙሾ ሲወርድ እንዲህ ነው።"

ቀጥሎ እመት አህያ መጣች። ከአያ ጅቦ ራቅ ብላ፣ ለመሮጥ በሚመች በኩል ቆመችና ተቀበለች፤

"ድምፁ እንደ ማር ጣፍጦ ጆሮ የሚያጠግብ፣
ሲያዜም ወፉን ሁሉ የሚሰበስብ!"

እሾኪት ዓይኗን ጨፈነች። የመጣላት የወፍ መንጋ ነው።

"እማዬ፣ ይሄስ የማን አባት ነው?"

"ዝም በይ አልኩሽ እኮ!"

በሦስተኛው አለቃ አውራ ዶሮ መጣ። ከሁሉ በላይ ካልሆነ ማልቀስ አይችልም፤ ጥግ ላይ ያለ በርጩማ ላይ ዘሎ ወጣና ጮኸ፤

"ቁመቱ ረዥም ከዋርካ የሚበልጥ፣
ጨረቃን ለማየት ቁልቁል የሚያፈጥጥ!"

"ውረድ ከላዬ!" አለ በርጩማው።

አለቃ ዶሮ ደንግጦ ቢዘል ንፍሮው ውስጥ ተዘፈቀ።

"ኧረ በሕግ አምላክ!" አለ በርጩማው። "አያ ቆርጥም ነው ዝሆን የሚሸከም? እኔን ከጫካ ሲያመጣኝ ሦስት ጊዜ አርፏል! በጥርሱ ጠርቦ አራት እግር አወጣልኝ። ሲያስቀምጠኝ ወደ ግራ ዘመምኩ። 'አንዱ እግር ረዝሟል' ብሎ ቆረጠም፤ ወደ ቀኝ ዘመምኩ። ደግሞ ቆረጠም፤ ወደ ፊት ዘመምኩ። ሁልጊዜ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያየኝና 'አሁን ልክ ነው!' ይላል። እስቲ እዩኝ! የታለ እግሬ? ቁመቴ ከእንቁራሪት አይበልጥ!"

የእሾኪት እናት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰች መሰላቸው። እሷ ግን፣ "እንቁራሪትም ይፈራ ነበር!" ብላ በሳቅ ፈነዳች።

አያ ጅቦ ሳቅ ከተጀመረ ማን ያቆመዋል? መሬት ላይ ተንከባለለ። "ለእኔም አልጋ ሠርቶልኝ፣ በጀርባዬ ተኝቼ በሆዴ ተነሣሁ!" አለ። እመት አህያ ጅብ አጠገብ መቆሟን ረስታ ትከሻው ላይ ተደግፋ አናፋች። "ሲዘፍንማ እኔ እንኳ ጆሮዬን እይዝ ነበር!" አለች። አለቃ ዶሮም ከነንፍሮው ብቅ ብሎ፣ "ቁመቱስ የኔን ጉልበት አያክልም!" አለ።

እሾኪት ዓይኗን ጨፈነች። መጣ! አጭሩ አባቷ፣ ጢሙ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ተጣብቆ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ "አሁን ልክ ነው!" አለ። ሳቀች። እሾኋ እስኪንኳኳ ሳቀች። መሃል ላይ ያ የተሰነቀረው ወጣና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ደግሞ ሳቀች፤ ደግሞ አለቀሰች።

"እማዬ፣ ስስቅ አባዬ ይከፋዋል?"

"አንቺን ለማሳቅ አይደል ዕድሜውን ሙሉ እንጨት ሲያንጋድድ የኖረው?" አለች እናቷ፤ ወደ ራሷም አስጠጋቻት።

እሾኪት ከአለቃ ዶሮ ክንፍ ላይ ንፍሮ እየለቀመች በላች። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። በርጩማው ወደ ግራ ዘመመ።

"አሁን ልክ ነው" አለችው።

ተረቴ እዚህ ላይ ዘመመ፤ እናንተ ደግፉት። የሞተን ሰው በልኩ አልቅሱለት፤ ካስረዘማችሁት ልጁ አታገኘውም።