ሰባ ሁለት ዋቢና አንዲት እማማ

አንድ ሰው ነበር፣ ወገኖቼ፤ የማስተርስ ተማሪ። ስለ ሸክላ ሥራ የመመረቂያ ጽሑፉን ጨርሶ የቀረው የዋቢ ዝርዝሩ ብቻ ነበር።

ብቻ ነው ያልኩት? ያ ዝርዝር ወር ፈጀበት! አንዱን የአጠቃቀስ ስልት ያነሳል፣ ይጥላል። ዓመቱ በቅንፍ ይግባ? ወይስ መጨረሻ ይምጣ? ጽሑፉን የምትተይብለት ትርሲት ሦስት ጊዜ አፍርሳ ሠራችው።

"አንተ ሰውዬ፣ በአንዱ ጽና! ነጥብና ሰረዝ ስታዘዋውር ልትሸብት ነው እኮ!"

በስንት መከራ አንዱን መረጠ። ሰባ ሁለት መጻሕፍት ተሰልፈው ቆሙ። ደረቱን ነፋ።

አማካሪው ግን ገጽ አርባን ገለጡ። "ጭቃው ስንት ቀን ማደር እንዳለበት፣ ድስቱ በምን እሳት እንደሚበስል፣ ይህን ሁሉ ማን ነገረህ?"

"አንዲት እናት ናቸው፣ ዶክተር። ሦስት ወር ቤታቸው ተመላልሻለሁ።"

"ታዲያ ዝርዝሩ ላይ የታሉ?"

"መጽሐፍ የላቸውማ።"

"አፍ አላቸው አይደል? በቃል የነገረህም ሰው በስሙ ይጠቀሳል። ማን ይባላሉ?"

ደብተሩን አገላበጠ፤ ስም የለም።

"እማማ" ሲላቸው ነበራ የከረመው! እማማ ይህ ምን ይባላል፣ እማማ ውኃ ይስጡኝ። ያላያቸውን ሰባ ሁለት ሰዎች ከነአባታቸው ያውቃል፤ ሽሯቸውን የበላላቸውን ሴት ስም አያውቅም።

"እስከ ዓርብ ካልሞላህ አልፈርምም። ዘንድሮ አትመረቅም" አሉት።

በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ገሰገሰ። ጭቃ ሲያቦኩ አገኛቸው።

"እማማ፣ ስምዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።"

ከነጭቃ እጃቸው ቀና አሉ። "የማሰሮዬን ሁሉ ስም በደብተርህ ስትጽፍ ከርመህ፣ የኔ ዛሬ ትዝ አለህ?"

"አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"እንጉዳይ ወርቁ። ጻፍ እንጂ፣ ምን ታየኛለህ! እንደ መንደሩ ሰው 'ያቺ ሸክላ ሠሪ' ብለህ እንዳታልፈኝ።"

ምን ያስቃችኋል፣ ወገኖቼ? እናንተ ትሻላላችሁ? ቆመን እንጸልይ ወይስ ተንበርክከን፣ እጅ ዘርግተን ወይስ አጣጥፈን እያላችሁ ባለፈው እሑድ እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሰዓት አልተጨቃጨቃችሁም? ሥርዓቱ ይኑር፤ ማን ጠላው! ግን ሥርዓቱ የተሠራው ለማን ነበር? ለባለውለታችሁ ክብር አልነበረም?

እስቲ ንገሩኝ። የተቀመጣችሁበትን አግዳሚ ዛሬ ጠዋት የወለወለችው ሴት ስሟ ማን ነው? አምስት ዓመት ሙሉ "እህታችን" የምትሏት?

አያችሁ፣ አታውቁም። እኔም አልነግራችሁም። መጥረጊያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ስትወጡ ጠይቋት።